ለፈተና ያጠናነው ለሳንባችን ይድረስ



ባለፈው ረመዷን አንድ ቀን ጠዋት የኢሚውኖሎጂ ፈተና ተፈተንኩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ኢንተርሉኪን-4፣ ኢንተርሉኪን-5 እና ኢንተርሉኪን-13 በአስም ውስጥ ያላቸውን ሥራ ዘርዝሩ የሚል ነበር። አንድም ሳላስቀር ጻፍኩ። በዚያው ቀን ለኢፍጣር አንድ ሰዓት ሲቀረው ዶርም ውስጥ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ትከሻዬ ወደ ላይ ተሰብስቧል፣ ደረቴ ሲር ሲር ይላል፣ አንድ ዐረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ አቅቶኛል። ፓፉ እጄ ላይ ነው፤ ግን አልወሰድኩትም። «ትንሽ ነው የቀረው፣ ጾሜን አላፈርስም» አልኩ። አዛን ሳይሰማ ጓደኞቼ ደግፈው ድንገተኛ ክፍል አደረሱኝ።

ኦክስጅን ተደርጎልኝ ትንሽ ሲሻለኝ ሐኪሟ የጠየቀችኝ ስለ ጾሙ አልነበረም። «በየቀኑ የሚወሰደውን መከላከያ ፓፍ ትወስዳለህ?» አለችኝ። አልወስድም ነበር። ደህና ነኝ ብዬ ካቆምኩት ወራት አልፈዋል፤ ረመዷን ሲገባማ ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ጠዋት በወረቀት ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኘሁበትን ነገር ማታ በራሴ ደረት ላይ ወድቄበት ነበር።

ይህን የምጽፈው ብቻዬን እንዳልሆንኩ ስላወቅኩ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ታሪኬን ለጀመዓችን ልጆች ስነግር «እኔም እኮ» ያሉኝ ብዙ ናቸው። አንዷ እህት ፓፏን ሰው እንዳያይባት ሽንት ቤት ገብታ ነው የምትወስደው። አንዱ ወንድም «ሱስ ያስይዛል» ተብሎ ስለተነገረው እስኪጨንቀው ድረስ አይነካውም። ሌላው በረመዷን ሁለቱንም ፓፍ ሻንጣው ውስጥ ይቆልፍባቸዋል። የእኔ አቋም አንድ ነው፤ አስም የሚጎዳን በአብዛኛው በሽታውን ከሳሉ ጋር አንድ አድርገን ስለምናየው ነው። ሳሉ ጭሱ ነው። እሳቱ ሌላ ቦታ አለ፤ ጭስ በማይታይበት ቀንም ይነዳል።

እሳቱ በአየር ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ያለው ብግነት ነው። ብግነቱን የሚመሩት ደግሞ ሳይቶካይን የሚባሉ ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። የሴሎች መልእክተኞች ማለት ናቸው፤ አንዱ ሴል ይለቃቸዋል፣ ሌላው ሴል ይቀበላቸዋል፣ የተቀበለው ሴል ሥራውን ይለውጣል። ነገሩን በሰፈር ዘበኛ መመሰል ይቻላል። ዘበኛው ሌሊት «ሌባ!» ብሎ ሲጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ዱላውን ይዞ ይወጣል። አስም ዘበኛው ድመት ባየ ቁጥር የሚጮህበት ሰፈር ነው። ድመቷ ምንም አላደረገችም፤ አጥሩን የሰበረውና አበባውን የረገጠው ዱላ ይዞ የወጣው ሕዝብ ነው።

ዘበኞቹ የአየር ቧንቧን ከውስጥ የሚሸፍኑት ሴሎች ናቸው። ቫይረስ፣ ጭስ ወይም የአቧራ ፕሮቲን ሲነካቸው ሦስት ዋና ዋና የማስጠንቀቂያ መልእክቶችን ይለቃሉ፤ ቲ.ኤስ.ኤል.ፒ፣ ኢንተርሉኪን-25 እና ኢንተርሉኪን-33። እነዚህን የሰሙ የመከላከያ ሴሎች በተራቸው ለፈተና የምንሸመድዳቸውን ሦስቱን ያወጣሉ። ኢንተርሉኪን-4 የቢ ሴሎች አይ.ጂ.ኢ የተባለውን አንቲቦዲ እንዲሠሩ ያደርጋል። አይ.ጂ.ኢ ማስት ሴሎች ላይ ተለጥፎ ይጠብቃል፤ ያው አቧራ ዳግመኛ ሲመጣ ማስት ሴሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይረጫሉ። ኢንተርሉኪን-5 ኢዮሲኖፊል የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በአጥንት መቅኒ ውስጥ እንዲበዙና ቶሎ እንዳይሞቱ ያደርጋል። ኢንተርሉኪን-13 ደግሞ አክታ የሚያመነጩትን ሴሎች ያበዛል፣ የቧንቧውንም ጡንቻ በትንሽ ነገር የሚኮማተር ቁጡ ያደርገዋል።

አሁን ልብ እንበል። አንድ የአስም ሕመምተኛ ኳስ እየተጫወተ፣ እየሳቀ፣ ምንም ሳያስለው ኢዮሲኖፊሎቹ ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። «ደህና ነኝ» የሚለው ስለ ጭሱ ነው እንጂ ስለ እሳቱ አያውቅም።

ይህ የመልእክት ሥርዓት ለክፋት የተሠራ አይደለም። ዋናው ሥራው የአንጀት ትሎችንና መሰል ጥገኛ ተሕዋስያንን መዋጋት እንደሆነ ይታመናል። እዚህ ላይ ከአገራችን የወጣ፣ በዓለም ደረጃ ብዙ የተወራለት ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ይህ ጥናት በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ገጠር ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ነበር። ሲርሲርታና አስም ከገጠሩ ይልቅ በከተማው በዝቶ ተገኘ። በከተማው ቆዳቸው ለአቧራ ተባይ የሚቆጣ ሰዎች ይበልጥ ሲር ሲር ይላቸው ነበር፤ በገጠሩ ግን ዝምድናው እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያው አካባቢ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ለሲርሲርታ ያላቸው ዕድል ዝቅ ያለ መሆኑን፣ ቤታቸው ውስጥ የአቧራ ተባይ ፕሮቲን የበዛባቸው ሰዎች ዕድል ግን ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። በእነዚሁ የጅማ ጥናቶች ቤታቸው ላምባ የሚያነዱ ሰዎች ላይም አለርጂ በዝቶ ታይቷል።

ትል ያለበት ሰው አለርጂው እንዴት ይቀንሳል? አንድ ፍንጭ እ.ኤ.አ. በ2000 ከጋቦን መጣ። ቢልሃርዚያ ባለባቸው የትምህርት ቤት ልጆች ኢንተርሉኪን-10 የተባለው ሌላ መልእክተኛ ከፍ ብሎ፣ የቆዳቸው አለርጂ ደግሞ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ኢንተርሉኪን-10 የሰፈር ሽማግሌ ነው፤ «ተረጋጉ፣ ድመት ናት» የሚለው እሱ ነው። ትሉ ለራሱ ደኅንነት ሲል ሽማግሌውን ያስነሣዋል፤ ሽማግሌው ሲናገር ደግሞ የአለርጂውም ጠብ አብሮ ይበርዳል።

ይህን ሰምቶ ትል መድኃኒት ነው የሚል እንዳይኖር። መንጠቆ ትል ደም ይመጣል፣ ልጆችንና ነፍሰ ጡሮችን ለደም ማነስ ይዳርጋል። የኖቲንግሃም ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ሙከራ ለአስም ሕመምተኞች 10 የመንጠቆ ትል እጮችን ሰጥተው በሽታው ላይ ይህ ነው የሚባል መሻሻል አላገኙም። እኔ ከጅማ የምወስደው ትምህርት ሌላ ነው። አንደኛ፣ አስም የሰነፍ ሰው ወይም የደካማ ሰው በሽታ አይደለም፤ የምንኖርበት ቦታ ከሰውነታችን መልእክት ጋር የሚያደርገው ንግግር ነው። ከገጠር መጥቶ ልደታ የገባ ተማሪ የሚተነፍሰው የሜክሲኮ አደባባይን የናፍጣ ጭስ፣ የግንባታውን አቧራና የዶርሙን ያረጀ ፍራሽ ነው። አገር ቤት ያልነበረበት ሲርሲርታ እዚህ ቢጀምረው ሊያፍርበት አይገባም። ሁለተኛ፣ መልእክቱ ሊረጋጋ ይችላል። ጥያቄው በምን ይረጋጋ የሚለው ነው።

ሳይንቲስቶች መልእክተኞቹን አንድ በአንድ መያዝ ችለዋል። መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2000 ኢንተርሉኪን-5ን የሚያግድ አንቲቦዲ በአስም ሕመምተኞች ላይ ሲሞከር ኢዮሲኖፊሎቹ ቀነሱ፣ የአየር ቧንቧው ግን ለአለርጂ ነገር የሚሰጠው ምላሽ አልተሻሻለም። ብዙዎች ተስፋ ቆረጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን ሁለት ቡድኖች መድኃኒቱን ኢዮሲኖፊል ለበዛባቸው ሕመምተኞች ብቻ ሰጥተው ሲሞክሩት ከባድ ጥቃቶች ቀነሱ። ችግሩ መድኃኒቱ ላይ ሳይሆን አስምን ሁሉ አንድ በሽታ አድርጎ ማየቱ ላይ ነበር። ይኸው መድኃኒት፣ ሜፖሊዙማብ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ አገኘ። ከእሱ በኋላ የኢንተርሉኪን-4ንና የኢንተርሉኪን-13ን መንገድ የሚዘጋው ዱፒሉማብ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ቲ.ኤስ.ኤል.ፒን የሚይዘው ቴዜፔሉማብ መጡ።

እነዚህ መድኃኒቶች በጣም ውድ ናቸው፤ የተዘጋጁትም በሌላው ሕክምና ላልተሻላቸው ከባድ ሕመምተኞች ነው። እኛን የሚመለከተው ቁም ነገር ግን ከአሮጌው መድኃኒት ጋር ነው። በክሎሜታዞን ወይም ቡዴሶናይድ ያለበት መከላከያ ፓፍ ሴሎቹ ውስጥ ገብቶ ከእነዚህ መልእክተኞች የብዙዎቹን ምርት ይቀንሳል። አንዱን ብቻ መርጦ አይዝም፤ ጩኸቱን በአጠቃላይ ዝቅ ያደርጋል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ሰማያዊው የሳልቡታሞል ፓፍ ግን የተኮማተረውን ጡንቻ ለጥቂት ሰዓታት ያላላል እንጂ አንድም መልእክት ዝም አያሰኝም። ጭሱን ያራግባል፣ እሳቱ እዚያው ነው። ስለዚህ ነው ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጂና እ.ኤ.አ. በ2019 ለአዋቂዎችና ለወጣቶች አስምን በሳልቡታሞል ብቻ ማከምን መምከር ያቆመው።

ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አስም 262 ሚሊዮን ሰዎችን እንደያዘና 455 ሺህ ሰዎችን እንደገደለ ይገምታል፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ገቢያቸው ዝቅተኛ ወይም ዝቅተኛ-መካከለኛ በሆነ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ካናዳ ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት መከላከያ ፓፍን አዘውትረው የሚወስዱ ሰዎች በአስም የመሞት ዕድላቸው እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳየ። ከዚያ ጥናት እኔን ያስደነገጠኝ ሌላው ግኝት ነው፤ መድኃኒቱን ያቆሙ ሰዎች ባቆሙ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሞት መጠናቸው ከቀጠሉት ሰዎች ከፍ ያለ ነበር። እኛ ደግሞ በየዓመቱ ረመዷን ሲገባ የምናቆመው ይህንኑ መድኃኒት ነው።

እስኪ ሰዓቱን እንቁጠር። አዲስ አበባ ላይ ጾሙ ከ13 እስከ 14 ሰዓት ነው። መከላከያ ፓፍ በአብዛኛው የሚታዘዘው በቀን ሁለት ጊዜ ነው። አንዱን ሱሑር በልተን ሱብሒ አዛን ሳይል፣ ሌላውን ካፈጠርን በኋላ መውሰድ እንችላለን። ዑለማኦች የሚለያዩበት ነገር እዚህ ውስጥ የለም፤ ጾሙም አይነካም። ከፓፉ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት ግዴታ ነው፤ መድኃኒቱ አፍ ውስጥ ሲቀር ነጭ ፈንገስ ያመጣል። ለሱብሒ ዉዱእ ስናደርግ መጉመጥመጣችን አይቀርምና ይኸውም ተሟላ። ለአስም ሕመምተኛ ከዚህ የተመቸ የመድኃኒት ሰዓት ማን ያወጣለት ነበር?

ክርክሩ ያለው ቀን ላይ ጥቃት ሲነሣ በምንወስደው ፓፍ ላይ ነው። ሸይኽ ኢብን ባዝና ሸይኽ ኢብን ዑሠይሚን ጾም አያፈርስም ብለዋል። ያፈርሳል የሚሉ ዑለማኦችም አሉ። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ጾምን ስለሚያፈርሱ የሕክምና ነገሮች ሲወስን የአስሙን ፓፍ ለተጨማሪ ጥናት አቆይቶታል። እኔ ፈትዋ ሰጪ አይደለሁም፤ እያንዳንዳችን የምናምነውን ኡስታዝ እንጠይቅ። ግን አንድ ነገር ልብ እንበል። ያፈርሳል የሚለውን አቋም የያዘ ሰውም ቢሆን ታፍነህ ቁም አላለም። ለታመመ ሰው በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቃዱ የተሰጠው በቁርኣን ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ያ ቀን ይቆጠራል ወይስ ቀዷ ይወጣል የሚለው ላይ እንጂ መተንፈስ አለብን ወይስ የለብንም የሚለው ላይ አይደለም። እኔ ያን ቀን ይህን አላስተዋልኩም። ጽናት መስሎኝ ነበር።

«በአላህ እመካለሁ» የሚሉኝም አሉ። እኔም እመካለሁ። ግመሉን ሳያስር ተወኩል ያለው ሰው ከነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ምን ምክር እንዳገኘ ግን ሁላችንም ተምረናል። «ስቴሮይድ ነው፣ ይጎዳል» የሚሉት ደግሞ መጠኑን አልጠየቁም። በፓፍ የሚወሰደው በማይክሮግራም የሚለካና በቀጥታ ሳንባ ላይ የሚያርፍ ነው። የበሽታውን ጥቃት ለማብረድ በኪኒንና በመርፌ ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። መከላከያውን የሸሸ ሰው መጨረሻው ያንን ትልቁን መጠን መውሰድ ነው። ሱስ የሚባለውም ስህተት ነው። በየሳምንቱ ደጋግሞ ሰማያዊውን ፓፍ መፈለግ የሱስ ምልክት ሳይሆን እሳቱ አልጠፋም የሚል ምልክት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት ልመለስ። የምንሰግድበትን ምንጣፍ እናስብ። በቀን አምስት ጊዜ ግንባራችንንና አፍንጫችንን የምናሳርፈው እሱ ላይ ነው። የአቧራ ተባይ በዓይን አይታይም፤ የሚኖረው እንዲህ ባለ ምንጣፍና ፍራሽ ውስጥ የሰው ቆዳ ፍርፋሪ እየበላ ነው። በኩሱ ውስጥ ያለው ደር ፒ 1 የተባለ ፕሮቲን የአየር ቧንቧ ሴሎችን እርስ በርስ ያያያዘውን ማሰሪያ የሚቆርጥ ኢንዛይም ነው። ዘበኛውን በቀጥታ ይነካዋል ማለት ነው። በዚህ ላይ በተዘጋ ክፍል በኹር እናጨሳለን። በኹሩን የምናጨሰው በመልካም ኒያ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ጭሱ ግን ኒያ አይለይም። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ሽታው ሌሎችን እንዳያስቸግር ከመስጂድ እንዲርቅ የታዘዘበት ዲን ነው ያለን። ለአፍንጫ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለሳንባ እንዴት እንተዋለን?

ምንጣፍ ማጽዳት ብቻውን አስምን አያድንም፤ መከላከያ ፓፉንም አይተካም። ግን የጀመዓው ድርሻ ነው። ስለዚህ ከመጪው ረመዷን በፊት አራት ነገር እንድናደርግ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የወንዶቹም የእህቶችም መስገጃ ምንጣፍ በየሳምንቱ ወጥቶ ይራገፍ፣ ፀሐይም ይምታው፤ ሲራገፍ አስም ያለበት ሰው አጠገቡ አይቁም። ሁለተኛ፣ ሰው ተሰብስቦ በሚሰግድበት ሰዓት በኹር አይጨስ። ሦስተኛ፣ የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎቻችን በሻዕባን አንድ ምሽት ይዘው ለጀመዓው ፓፍ እንዴት እንደሚወሰድ ያሳዩ፤ የሱሑርና የኢፍጣር ሰዓቱንም ከሐኪም ጋር እንዴት መነጋገር እንደሚቻል ያስረዱ። አወሳሰዱን ስለማናውቅ ብቻ መድኃኒቱ ጉሮሯችን ላይ የሚቀርብን ብዙ ነን። በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባው ስፔሰር ጠፍቶ ከሆነ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀዶ፣ ዙሪያውን አሽጎ መጠቀም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በልጆች ላይ የተሞከረው እንዲህ ያለ ጠርሙስ ከተገዛው ስፔሰር ያላነሰ ሠርቷል። አራተኛ፣ ከሰደቃ ሣጥናችን ትንሽ ተቀንሶ መከላከያ ፓፍ መግዛት ላቃተው ተማሪ ይዋል። ስሙ ሳይጠራ፣ ፊቱ ሳይታይ።

ከሁሉም በላይ ግን ፓፍ ማውጣት ነውር መሆኑ ይቅር። መነጽር ያደረገን ወንድም «ዓይንህ ደከመ» ብለን አናሸማቅቀውም። ሶፍ ላይ አጠገባችሁ የቆመው ሰው ደረቱ ሲር ሲር ሲል ከሰማችሁ ከሰላት በኋላ ጠጋ ብላችሁ «መከላከያውን ትወስዳለህ?» በሉት። ያቺ ሐኪም እኔን የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። ከአደጋው በፊት የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ቀን ያፈጠርኩት ከእናንተ ጋር ነበር።

እኔ አሁን ሁለቱን ፓፎች ከተምሩ አጠገብ አስቀምጫቸዋለሁ። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድ፤ እኛንም ያወቅነውን የምንሠራበት ያድርገን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።